ታች ምን ታየዎት

መስከረም 22

ለውድ ወንድሜ ለግራሶ፤

እንዴት ከረማችሁ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጅህ ሚጣስ? እኛ ደህና ነን፣ ከጉልበቴ በቀር። እሱም ቢሆን ደረጃ ስወጣ እንጂ ስወርድ ብዙም አያማርር።

«ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ቀኑን በምን ትገፋዋለህ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እውነቱን ልንገርህ? ጠዋት ተነስቼ ጫማዬን ወልውዬ አጠልቃለሁ። ከዚያ የምሄድበት ስለሌለኝ መልሼ አወልቀዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሐይቅ ላይ መርከብ ሳዞር የኖርኩ ሰው፣ አሁን ወንበሬን ከጥላ ወደ ፀሐይ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ አዞራለሁ። ሚስቴ «በቃ መልሕቅህን ጣልና ተቀመጥ» ትለኛለች።

ሚጣ የነርስ ትምህርት ቤቱን ፈተና ማለፏን ስሰማ እንባዬ መጣ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ አባቷ የተቃጠለ እጅ ተናገረች ያልከውን ደግሞ ለሚስቴ ሁለቴ አነበብኩላት። የልጅ ነገር።

አሁን ወደ ወሬዬ። አንዲት የሬዲዮ አዘጋጅ ወደብ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዳ አፈላልጋ አገኘችኝ። ቅዳሜ ጥቅምት 4፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የሳምንቱ እንግዳ እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ያውም በቀጥታ። ስለዚያ የመርከባችን እሳት እንደምትጠይቀኝ ከወዲሁ ነግራኛለች። ያኔ አንተን አነሳሃለሁ። አንተ ሞተር ክፍሉ ወርደህ ያንን የነዳጅ መዝጊያ ባትዘጋው ኖሮ እኔም፣ ስድሳዎቹ ተሳፋሪዎችም ዛሬ የሐይቁ ዓሣ ቀለብ ነበርን። ሃያ አንድ ዓመት ማንም ስምህን አንስቶልህ አያውቅም። እኔ አነሳዋለሁ።

ሬዲዮኑን ጮክ አድርጋችሁ ክፈቱት። ያ የመርከባችን ሞተር ያደነቆረው ጆሮህ ካልያዘልህ ሚጣ ታቀብልህ። ጎረቤትም ጥራ፤ አትፈር።

ወንድምህ

ጥቅምት 9

ወንድምጋሼ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እትዬስ? እኛ ሁላችን ደህና ነን።

ጣቢያው ጥርት ብሎ ነው የመጣው። ባትሪውንም አዲስ አድርገንለት ነበር። ድምፅህ ጥሩ ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «የተማረ ሰው ነው የሚመስለው» ብሏል።

እዚህ መሥሪያ ቤት የውሃ ጉድጓድ ቁጥር ሦስት ላይ ያለው ፓምፕ ተበላሽቶ ሳምንቱን እሱን ስንፈታና ስንገጥም ነው ያሳለፍነው። ሚጣ ልብሷን እያዘጋጀች ነው። ጊዜ አጥታ ነው እንጂ ትጽፍልህ ነበር።

እትዬን ሰላም በልልኝ።

ታናሽህ

ጥቅምት 15

ለውድ ወንድሜ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ለባለቤትህም፣ ለሚጣም። ደብዳቤህ ደረሰችኝ። አጠረችብኝ። ሁለቴ አነበብኳት፣ ሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ከመጀመሪያው አጠረች።

ምናልባት የሬዲዮ ጣቢያን ነገር አታውቀው ይሆናል ብዬ ልንገርህ። በሩ እንደ ፍራሽ የወፈረ ነው። ሲዘጋ የራስህን ትንፋሽ ትሰማለህ። ግድግዳው ሁሉ ጨርቅ ለብሷል። ጭንቅላትህ ላይ ማዳመጫ ያጠልቁልሃል፣ አፍንጫህ ሥር ስፖንጅ የለበሰ ማይክራፎን ያስጠጉልሃል፣ «ወረቀት እንዳያንኮሻኩሹ» ይሉሃል። የምናገረውን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር፣ አንተም እዚያ ላይ ነበርክ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። ከመስተዋቱ ወዲያ አንድ ጎልማሳ በጣቱ ይቆጥርና ቀይ መብራት ይበራል። ከዚያ በኋላ የምትናገረው አንተ አይደለህም ብልህ ታምነኛለህ? ልጠጣ ፈልጌ ነበር። ውሃውም እጄ አጠገብ ነበር፣ ግን ብርጭቆው ድምፅ ያሰማል ብዬ ፈራሁ።

አንድ ሰዓት ብዙ ይመስላል እንጂ ወዲያው ነው የሚያልቀው። ልል ያሰብኩት ሁሉ አልተባለም። ጊዜ አልነበረም።

ሚጣ ምን አለች? ብቻ ይህን ንገረኝ።

ወንድምህ

ጥቅምት 24

ወንድምጋሼ፤

ለሰላምታህ እግዜር ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን ብዬ ጽፌልህ ነበር። ይቅርታ፣ ደህና አልነበርንም።

ሚጣ ትናንት ወደ ትምህርቷ ሄደች። አሁን ቤቱ ጭር ስላለ የጠየቅኸኝን እነግርሃለሁ።

ሬዲዮኑን ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ልብስ ሰፊው ከነሚስቱ መጣ። ከጥገና ክፍሉ ሁለት ባልደረቦቼ መጡ። ሚጣ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንተ የምትለውን ቃል በቃል ጆሮዬ ላይ ታቀብለኛለች። አንተ ስትስቅ ትስቃለች። ስለ መጀመሪያው ጉዞህ፣ ስለዚያ «በሬ ይዤ ካልተሳፈርኩ» ስላለው ሰውዬ ስታወራ ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ሴትዮዋ «እርስዎ ራስዎ ወርደው እሳቱ መሃል መዝጊያውን እንደዘጉት በጊዜው ከወጣ ጋዜጣ ላይ አንብቤያለሁ። ታች ምን ታየዎት?» አለች። ሚጣ ይህን ነገረችኝና ፈገግ ብላ «ቆይ፣ አሁን ያርማታል» አለችኝ።

ቀጥላ «ጭስ፤ ምንም አይታይም ነበር» አለችኝ።

ቀጥላ «ሸሚዜን አውልቄ እጄ ላይ ጠቀለልኩት» አለችኝ።

ጆሮዬ ላይ የምትናገረው ልጄ ናት። ቃሉ ያንተ ነው። ሸሚዙ የኔ ነው። «መዝጊያው የጋለ ነበር፣ ሆኖም…» ብላ አቆመች። እጇን ከትከሻዬ አነሳች። ከዚያ በኋላ ያልከውን አላውቅም፣ የሚያቀብለኝ አልነበረም።

ሰዎቹ ሬዲዮኑን ትተው እጄን ያዩ ጀመር። እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ግራ እጄን ጭኔ ሥር ደበቅኩት፣ የሰረቀ ሰው ይመስል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሚጣ «አባዬ፣ እጅህን ምንድን ነው ያቃጠለህ?» አለችኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ነው እንደ አዲስ የምትጠይቀኝ። አጎትሽ ዋሸ ልበላት? ባባቴ ቦታ ያሳደገኝ ወንድሜ ዋሸ ልበላት? «ሬዲዮ ላይ ብዙ ነገር ይባላል፤ ተይው» አልኳት። እሷ ከዚህ የያዘችው፣ ሃያ ዓመት የዋሸኋት እኔ መሆኔን ነው።

ስትሄድ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ሸኘኋት። ጉንጬን ሳመችኝ። እጄን አልያዘችውም።

ታናሽህ

ኅዳር 3

ወንድሜ፤

ሰላም እንዳልልህ ድፍረቱን አጣሁ።

ምንም አላስተባብልም። እንዴት እንደሆነ ብቻ ልንገርህ። ጥያቄዋ ሁለት ነበር። «እርስዎ ወርደው» ያለችው አንድ፣ «ታች ምን ታየዎት» ያለችው ሁለት። የመጀመሪያውን ዝም አልኩትና ለሁለተኛው መለስኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። እስትንፋስ ያህል ጊዜ ነበረኝ። «እኔ አይደለሁም፣ ወንድሜ ነው» ለማለት አራት ቃል ይበቃ ነበር። ግን አዘጋጇ ዓይኖቿን እኔ ላይ ተክላ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ ታየኛለች። ለስንት ዓመት ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ለአንዲት ደቂቃ ያ ሰው ልሁን አልኩ።

ከዚያማ ውሸት ብቻውን አይኖር፣ ቤተሰቡን ይጠራል። ሸሚዙን ያመጣሁት ስትወጣ ከእጅህ ላይ ስላየሁት ነው። የቀረውን ከልቤ ፈጠርኩት።

ጋዜጣው ያለውን እኔም አስታውሳለሁ። አንዲት ተሳፋሪ «ካፒቴኑ ወርዶ አዳነን» ብላ ነበር። ያኔም ላርመው ብዬ፣ ነገ ዛሬ ስል ቀረ።

ወደ ቤት ስገባ የሰፈሩ ሰው ቆሞ አጨበጨበልኝ። የማያውቁት አጨበጨቡ። የምታውቀው ሚስቴ ምሳ አቅርባ፣ አጠገቤ ተቀምጣ፣ አንድ ቃል ሳትናገር በላች። ሰባት ቀን እንደዚያ ነው የበላነው። በስምንተኛው «ለወንድምህ ጻፍክለት?» አለችኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ቢሆንም ነገ ጣቢያው እሄዳለሁ። ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ። ራሴ ላንብበው ብዬ እለምናቸዋለሁ። ባወጣሁት አፌ እመልሰዋለሁ።

የበደለህ ወንድምህ

ኅዳር 19

ወንድምጋሼ፤

ሰላም ነህ? የእትዬ ደም ግፊት እንዴት ሆነላት?

ይቅርታ መጠየቅህን ተቀብያለሁ። ከዚህ በላይ አትጻፍልኝ፣ ያንተ ልመና ለኔ ይከብደኛል።

ማስተካከያውን ሰማችሁ ወይ ማለትህ አይቀርም። ሰምተናል። ቅዳሜ ዕለት፣ ከአድማጮች የተላኩ መልእክቶች ሲነበቡ ነው፣ የልደት ምኞትና የዘፈን ምርጫ መሃል። ባለቤቴ ናት ያቀበለችኝ። «ባለፈው እንግዳችን የነበሩት ካፒቴን እንደ ልማዳቸው በትሕትና ‹ወንድሜም በቦታው ነበር፣ አግዞኛል› ሲሉ ጽፈውልናል» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ዘፈን ገባ።

ሁለት ገጽህ ይቺ ሆነች። እነሱም ክፉ ሰዎች አይደሉም መቼም፣ አሳጥሮ ማንበብ ሥራቸው ነው። ልብስ ሰፊው ሥራውን ጥሎ መጥቶ «አየህ፣ ወንድምህ አይረሳህም» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ቀኙን።

ያልነገርኩህ ሌላም አለ። ሚጣ ጽፋለች። ትምህርቱን ልተወው ነው ትላለች። ፈታኞቹ «ነርስ ለምን መሆን ፈለግሽ?» ሲሏት «አባቴ ሰው ሲያድን የተቃጠለ እጁን እያጠብኩ ስላደግሁ ነው» ብላ ነበር። አንዷ ፈታኝ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠርጋለች አሉ። አሁን «በውሸት ነው የገባሁት፣ የሌላ ሰው ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት» ትላለች። የመልቀቂያ ቅጽ ወስዳለች።

እኔ ጻፍኩላት። «እውነቱ የነገርኩሽ ነው» አልኳት። አልመለሰችልኝም። የሚዋሽም ሰው እንደዚያው ነው የሚጽፈው።

አደራህን፣ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ዳግም አትሂድ።

ታናሽህ

ታኅሣሥ 3

ለወንድሜ፤

ሰላም ላንተና ለባለቤትህ።

ሳላስፈቅድህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ሚጣ ዘንድ ሄድኩ። መንገዱ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሙሉ ቀን የምላትን ስለማመድ ሄጄ፣ ስደርስ አንዱም አልነበረኝም።

በረጅሙ ኮሪደር ጫፍ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። አልጋ አነጣጠፍ ሲማሩ ነበር መሰለኝ፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ፣ አንሶላ በክንዷ ላይ እንደያዘች መጣች። አድጋለች። ስታየኝ ፈገግ አላለችም።

«አጎቴ፣ ምነው? አባዬ ታሞ ነው?»

«ደህና ነው። አባትሽ አልዋሸሽም ልልሽ ነው የመጣሁት። የወረደው እሱ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ከጎኔ ተቀመጠች። አንሶላውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጠርዙን በጣቷ ታጥፍ ጀመር።

«ሬዲዮ ላይ ለምን አላረሙትም?»

«ሞክሬ ነበር።»

«ሰማሁት» አለችኝ። «‹አግዞኛል› ሲባል።»

ቅጹን ሞልታ ኪሷ ውስጥ ይዛው ነበር። አውጥታ አሳየችኝ። «ቅደጂው» ብላት «እርስዎ አያዙኝም» አለችኝ። ልክ ናት።

ቅጹን መልሳ ኪሷ ከተተችና «አባዬስ ለምን ዝም አለ?» አለችኝ። «እውነቱ እሱ ዘንድ ካለ በዚያ ቀን ለምን አልተናገረም? እጁንስ ለምን ደበቀ?»

አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም። ስለ እኔ ብሎ ይሆናል አልኳት።

«የመጀመሪያውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል» አለችኝ። «ይሄን ግን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። አባዬ ደጅ ሄደው፣ ልብስ ሰፊው ባለበት፣ ለአባዬ ይንገሩት።»

«አባትሽ እንዲሰማኝ እኮ መጮህ አለብኝ።»

«ይጩኋ» አለችኝ። ተነስታ ሄደች። አንሶላው አግዳሚው ላይ ቀርቶ ነበር፣ ተመልሳ ወሰደችው እንጂ እኔን አላየችም።

የፊታችን እሑድ ሳምንት እመጣለሁ። እባክህ አትከልክለኝ። ልብስ ሰፊው ከደጁ እንዳይጠፋ አድርግ።

ወንድምህ

ታኅሣሥ 21

ወንድምጋሼ፤

በደህና መግባትህን እትዬ በሰው ልካልኝ ሰማሁ። ጉሮሮህ ተሻለህ? ትኩስ ውሃ በጨው ተጉመጥመጥበት።

ሚጣ ጽፋልኛለች። ቅጹን ቀዳዋለች። በዓመቱ መጨረሻ ስትመጣ እጄን ራሷ እንደምታየው፣ እስከዚያ ቅባቱን እንዳላቋርጥ አዛኛለች፣ እንደ ሐኪም። ላንተ ሰላምታ አላከችም። ከራሴ ጨምሬ «ሰላም ብላሃለች» ልልህ እስክሪብቶዬን አንስቼ ነበር፣ ግን በዚህ ዓመት ቤታችን ውስጥ ከራስ የተጨመረው ይበቃናል። ጊዜ ስጣት።

ልብስ ሰፊው ከዚያ ቀን ወዲህ ባየኝ ቁጥር ከወንበሩ ይነሳል። ተው ብለው አይሰማም፣ ጆሮውን ከኔ የተዋሰ ይመስል።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ደጄ ላይ ቆመህ ስትጮህ ሦስት ጊዜ «ምን አልክ?» ብዬሃለሁ። ከመጀመሪያውም ሰምቼህ ነበር። ወንድሜ፣ በስድሳ አራት ዓመትህ፣ የአንገትህ ሥር ተገታትሮ፣ ጎረቤት በመስኮት አንገቱን አስግጎ «የወረደው እሱ ነው» ስትል ደስ አለኝና አስደገምኩህ። በሦስተኛው ድምፅህ ተሰበረ። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። ማታውን ደስታው ጠፋና ጸጸቱ ብቻ ቀረኝ። ይቅር በለኝ።

አሁን ደግሞ ሚጣ ካንተ መልስ ስታጣ እኔን የጠየቀችኝን ልንገርህ። ለምን ዝም አልክ ትላለች። ለእሷ ከመጻፌ በፊት ላንተ ልጻፈው።

ጭሱ ሲነሳ እኔ የሞተር ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም። መርከቧ ኋላ ላይ ገመድ እጠቀልል ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ሮጠ። እኔ ቀና ብዬ መሪህን አየሁት፣ ማንም የለበትም። አንተ ፊት ለፊት ለሕፃናቱ መንሳፈፊያ ታለብስ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያ መሃል አንዲት ሴት «ካፒቴኑ ወርዷል፣ ካፒቴኑ ታች ነው» እያለች ስታለቅስ ሰማሁ። ያኔ ጆሮዬ ገና ደህና ነበር።

እኔ መዝጊያ ልዘጋ አልወረድኩም። አንተን ላወጣ ነው የወረድኩት። በሆዴ ተኝቼ ወለሉን እየዳሰስኩ ጠራሁህ። አንድ ከረጢት ዳሰስኩና አንተ መስለኸኝ ጎተትኩት። ሁለተኛ ስዳስስ እጄ ያረፈው መዝጊያው ላይ ነው። ከነካሁት አይቀር ብዬ ሸሚዜን እጄ ላይ ጠቅልዬ ዘጋሁት። ስለ ስድሳዎቹ ሰዎች አንድም አላሰብኩም። ሰው «ጀግና» ሲለኝ አንገቴን የምደፋው ለዚህ ነው፣ ያልሠራሁትን የሚያመሰግኑኝ ይመስለኛል። ያን ቅዳሜም እጄን ያስደበቀኝ ይኸው ነው። ካንተ ውሸት ጋር የኔም እፍረት ተቀላቀለብኝ።

ስወጣ አንተ በደህናህ ቆመህ አየሁህ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም ከቃጠሎው ነው አሉ።

ሐኪም ቤት አርባ ቀን ተመላለስክልኝ። በላህ ወይ ትለኛለህ፣ ተኛህ ወይ ትለኛለህ፣ ፋሻው ተቀየረ ወይ ትለኛለህ። ታች ምን እንዳየሁ ግን በሃያ አንድ ዓመት አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። የሬዲዮዋ ሴትዮ ጠየቀች፣ የጠየቀችው ግን አንተን ሆነ።

«ካፒቴኑ ወርዷል» ሲባል በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ሁለተኛውን ልጄ ጆሮዬ ላይ ስታቀብለኝ በንዴት የጦፍኩ መስሎህ ይሆናል። ንዴቱ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣብኝ ያ የዚያን ቀኑ ፍርሃት ነው፣ አሁንም ታች ቀርተህ እንደሆነ ብዬ።

ታናሽህ